ቢትክራሸር ድምፅን ምን ያደርገዋል?

ብዙ ጀማሪ ፕሮዲውሰሮች ቢትክራሸርን እንደ ማንኛውም ዲስቶርሽን ያዩታል። ውስጡ ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉ፤ ለየብቻ ስሟቸው።

አንዱ የቢት ቅነሳ ነው። በ16 ቢት እያንዳንዱ ናሙና ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ይመዘገባል፤ በ8 ቢት 256 ብቻ ይቀራሉ፤ በ4 ቢት ደግሞ 16። እየደከመ የሚሄደውን የሪቨርብ ጅራት አድምጡ፤ ቀስ ብሎ በመጥፋት ፈንታ ይንኮሻኮሻል፣ ከዚያም ድንገት ይቆረጣል።

ሌላው የናሙና ፍጥነት ቅነሳ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ይህኛው ነው። ፍጥነቱን ወደ 8 ኪሎኸርዝ ስታወርዱት፣ ቀድሞ በፊልተር ካልተጣራ በቀር፣ ከ4 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ አይጠፋም፤ ተገልብጦ ወደ ታች ይመለሳል። የ5 ኪሎኸርዝ ቃና 3 ኪሎኸርዝ ላይ ብቅ ይላል። ከዜማው ስኬል ጋር ስለማይዛመድ ነው ያ ብረት ብረት የሚል ድምፅ የሚመጣው።

በ1987 የወጣው የኢ-ሙ ኤስፒ-1200 ሳምፕለር በ12 ቢትና በ26.04 ኪሎኸርዝ ይሠራ ነበር፤ የዘመኑ የኒውዮርክ ሂፕሆፕ ከበሮ ሻካራ ውፍረት አንዱ ምንጭ እሱ ነው።

ከበሮ ላይ ከ12 ቢት ጀምራችሁ ውረዱ። ቤዝ ላይ ግን ያልተነካውን ድምፅ ከሥሩ ቀላቅሉበት።