እስክንድርያ፦ የማርቆስ መንበርና የስንዴ ወደብ

በቅዳሴያችንና በስንክሳራችን ስሟን ደጋግመን የምንሰማት እስክንድርያ ለብዙዎቻችን «የማርቆስ መንበር» ብቻ ናት። ከተማዪቱ ግን በሜድትራንያን ባሕር ዳርቻ የተቆረቆረች፣ ዛሬም መርከቦች የሚራገፉባት የግብፅ ሁለተኛ ከተማ ናት። ወደቧን ዘንግተን የአባቶቻችንን ታሪክ ብናነብ ብዙ ነገር ይሰወርብናል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 ዓመት ታላቁ እስክንድር መሠረታት። ፊት ለፊቷ የነበረችው የፋሮስ ደሴት በድንጋይ መሻገሪያ ከየብስ ጋር በመያያዟ በምሥራቅና በምዕራብ ሁለት ወደቦች ተፈጠሩ። በደሴቲቱ ላይ የቆመው የመብራት ግንብ ከጥንቱ ዓለም ሰባት ድንቅ ሥራዎች አንዱ ነበር። የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም የምንለው የብሉይ ኪዳን መጻሕፍት ጽርዓዊ ትርጉምም የተገኘው ከዚህችው ከተማ ነው።

ሮማውያን ግብፅን ከያዙ በኋላ የወደቡ ዋና ሸቀጥ ስንዴ ሆነ። በዓባይ ዳርቻ የበቀለው እህል በእስክንድርያ በታላላቅ መርከቦች እየተጫነ አስቀድሞ ሮምን፣ ኋላም ቁስጥንጥንያን ይመግብ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ የተሳፈረው በእስክንድርያ መርከብ ነው፤ ማዕበሉ በበረታ ጊዜም ስንዴው ወደ ባሕር ተጥሏል (የሐዋ. ሥራ 27፥6፤ 38)።

አርዮስ የዚህች ከተማ ቄስ ነበር። ክህደቱን ለመርከበኞች፣ ለወፍጮ ሠራተኞችና ለመንገደኞች በዜማ እያዘጋጀ ያሰራጭ እንደ ነበር ከጥንት ጸሐፍት አንዱ መዝግቧል። በመርከበኛ አፍ የገባ ዜማ ደግሞ ከወደብ ወደ ወደብ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ቅዱስ አትናቴዎስም የተከሰሰው በዚሁ ወደብ ሰበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ335 ጠላቶቹ «ወደ ቁስጥንጥንያ የሚሄደውን እህል አስቀራለሁ ብሎ ዝቷል» ብለው በንጉሡ በቈስጠንጢኖስ ፊት ከሰሱት። አዲሲቱ መዲና የምትበላው ከእስክንድርያ የሚመጣውን ስንዴ ስለ ነበር ንጉሡ የሃይማኖቱን ክርክር ከሚሰማው ይልቅ ይህን ክስ ፈጥኖ ሰማው፤ ቅዱሱንም ዛሬ በጀርመን ወደምትገኘው ወደ ትሪየር አጋዘው። አትናቴዎስ በዘመኑ አምስት ጊዜ ተሰድዷል። ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከልንም እርሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዘመን ጳጳሳት ከዚህ መንበር ሲላኩልን ኖረዋል፤ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ የተሾሙት በ1951 ዓ.ም. ነው።

ዐረቦች ግብፅን ከያዙ በኋላ መዲናው ወደ ውስጥ አገር ዞረ፤ ከተማዪቱም ቀስ በቀስ ደክማ ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1798 ሲደርሱ ጥቂት ሺህ ሰዎች የሚኖሩባት ታናሽ ከተማ ሆና አገኟት። የመሐሙዲያ ቦይ በ1820 ከዓባይ ጋር መልሶ ሲያገናኛት በጥጥ ንግድ አንሰራራች። ዛሬ የምዕራቡ ወደብና ጎረቤቱ የደኼላ ወደብ ከግብፅ የውጭ ንግድ ትልቁን ድርሻ ያስተናግዳሉ።

ወደዚያ የሚሄድ ምእመን በመብራቱ ግንብ ስፍራ የተሠራውን የቃይትባይን ምሽግና በ2002 የተከፈተውን አዲሱን ቤተ መጻሕፍት ያያል። እኛ ግን አስቀድሞ የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ይሳለም እንላለን። የወንጌላዊው ሥጋ በ828 በነጋዴዎች ወደ ቬኒስ ተወስዶ ከፊሉ በ1968 ወደ ግብፅ ተመልሷል፤ ርእሰ ቅዱሱ ግን በዚህ እንዳለ የግብፅ ምእመናን ያምናሉ። በ2017 በሆሣዕና ዕለት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በፈነዳ ቦምብ ሰዎች ሞተዋል።

ከከተማዪቱ በስተ ደቡብ ምዕራብ በበረሃው የጥንቱ የቅዱስ ሚናስ ገዳም ፍርስራሽ ይገኛል። ተሳላሚዎች ከዚያ ይዘዋቸው የሚመለሱት፣ ቅዱሱ በሁለት ግመሎች መካከል ቆሞ የተቀረጸባቸው ትናንሽ የሸክላ ዕቃዎች ባሕር ተሻግረው በብዙ አገሮች ተገኝተዋል። በአካባቢው የመስኖ እርሻ ምክንያት የከርሰ ምድር ውኃው ከፍ ብሎ ሕንፃዎቹ መስመጥ በመጀመራቸው ቦታው በ2001 አደጋ ካንዣበበባቸው የዓለም ቅርሶች ተርታ ገብቶ ነበር። ውኃውን በፓምፕ የማውጣቱ ሥራ ውጤት ካሳየ በኋላ በ2025 ከዚያ መዝገብ ወጥቷል።