ያልመጣውን አንባቢ ማን ይጠይቀው?

አንድ ቤተ መጻሕፍት አካባቢውን ምን ያህል እንደሚያገለግል ለማወቅ ሲፈለግ ቀድሞ የሚገለጠው የውሰት መዝገብ ነው። መዝገቡ ግን የሚናገረው ስለ መጡት ሰዎች ብቻ ነው፤ ደጃፉን ረግጦ የማያውቅ ሰው ፈልጎ ያጣው ነገር የትም አይጻፍም። የሕዝብን ፍላጎት የሚያጠና ሰው ከእነዚህ ካልመጡት መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ። ለምሳሌ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ ከመደርደሪያው ላይ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ እንደሌለ አስተዋሉ። የሌለ መጽሐፍ ማንም አይዋስም፤ መዝገቡን ብቻ ያየ ሰውም «ፈላጊ የለውም» ብሎ ያልፋል። እሳቸው ግን በአማርኛና በእንግሊዝኛ የልጆች መጽሐፍ አሳተሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በሐዋሳም አህያ በሚጎትተው ጋሪ መጻሕፍቱን ልጆቹ ወዳሉበት አደረሱ።

«ሕዝቡ ማንበብ ካልወደደ መጠየቁ ምን ይፈይዳል?» የሚሉ አሉ። የለንደኑ ታወር ሃምሌትስ ለዚህ ጥሩ መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በዚያ ሰፈር የቤተ መጻሕፍት ተጠቃሚ ጥቂት ነበር። አስተዳደሩ የማይጠቀሙትን ጭምር ሲጠይቅ፣ ሰዉ አገልግሎቱን እንደሚፈልገው፣ ቦታውና ሰዓቱ ግን እንዳልተመቸው ተረዳ። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ «አይዲያ ስቶር» የተባሉት አዳዲስ ቤተ መጻሕፍት ሰው ለገበያ በሚወጣባቸው መንገዶች አጠገብ ተከፈቱ፤ እሑድም ይሠሩ ነበር፣ የጎልማሶች ትምህርትም በዚያው ጣሪያ ሥር ይሰጥ ነበር።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ «ቤተ መጻሕፍት ትፈልጋለህ?» ሲባል እምቢ የሚል የለም፤ ለጠያቂው ክብር ሲል ሁሉም «አዎ» ይላል። እውነት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ከምኞት ወርዶ ኑሮን መንካት ይኖርበታል፦ ባለፈው ሳምንት ምን ማወቅ ፈልገው ነበር? ማንን ጠየቁ? ልጅዎ የት ተቀምጦ ያጠናል? እጅዎ ከሥራ የሚያርፈው መቼ ነው? እንዲህ ያለውን መጠይቅ ይዞ በጉሊት፣ በታክሲ ሰልፍና በጤና ጣቢያ መዞር ጥቂት ሠራተኞችንና ጥቂት ሳምንታትን ይጠይቃል፤ ሳይጠየቅ ተገዝቶ አቧራ ከሚለብስ መጽሐፍ ይረክሳል። ሽንኩርት ቸርቻሪዋ «የማርፈው ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ነው» ካለች፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሚዘጋው በር ሊወያዩበት የሚገባ የመጀመሪያው ጉዳይ ነው፤ የመጽሐፍ ግዢው ከዚያ ይቀጥላል።