ጥቁሩ ካሬና ጥልፍልፉ ግድግዳ፦ የጂኦሜትሪያዊ ረቂቅ ሥዕል ፈር ቀዳጆች ከእስልምና ጌጥ አንጻር

ስለ እስልምና ኪነ ጥበብ በሚጻፉ መጻሕፍትም ሆነ በቤተ መዘክር መግለጫዎች ውስጥ አንድ አባባል ደጋግሞ ያጋጥመናል። አውሮፓውያን በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የደረሱበትን ጂኦሜትሪያዊ ረቂቅ ሥዕል የሙስሊሙ ዓለም ባለሙያዎች ብዙ መቶ ዓመታት ቀድመው በመስጊድና በመድረሳ ግድግዳ ላይ ሠርተውታል የሚል ነው። ለጆሮ ደስ ይላል። ሥልጣኔያችን ለዓለም ያበረከተው ተዘንግቷል ብለን ለምንቆረቆር ሁሉ ደግሞ የተረጋገጠ ሐቅ መስሎ ይታያል። እኛ ግን ንጽጽሩ በዚህ መልክ ሲቀርብ ሁለቱንም ወገን ይጎዳል እንላለን። አውሮፓውያኑ ሠዓሊዎች ምን ፈልገው ወደ መስመርና ወደ ካሬ እንደሄዱ ይሸፍናል፤ የእኛን ባለሙያዎችም የራሳቸው ዓላማ እንዳልነበራቸው ሁሉ የሌላው መንገድ ጠራጊ ያደርጋቸዋል። ጉዳዩን ለማጥራት ከሠዓሊዎቹ እንጀምራለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«አብስትራክት» የሚለውን ቃል በአማርኛ «ረቂቅ» ብለን መተርጎም ለምደናል። ትርጉሙ ያማረ ቢሆንም ጥቂት ያሳስታል። ረቂቅ ስንል የማይዳሰሰውን፣ የማይጨበጠውን፣ አንዳንዴም መንፈሳዊውን እናስባለን። የላቲኑ ምንጭ ግን ድርጊትን ያመለክታል፤ አንዱን ከሌላው ስቦ ማውጣት፣ መነጠል ማለት ነው። ስለዚህ ስለ ረቂቅ ሥዕል ሲነሣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከምን ተነጠለ?» የሚለው ሊሆን ይገባል።

ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ የሚሰጠን ሆላንዳዊው ፒት ሞንድሪያን ነው። በ1872 በአመርስፎርት ከተማ ጥብቅ የካልቪን ተከታይ ከሆነ ቤተሰብ ተወለደ። ሥራውን የጀመረው የአገሩን ወንዞች፣ የነፋስ ወፍጮዎችና ዛፎች በመሣል ነበር። በ1909 የቲዮሶፊ ማኅበር አባል ሆነ፤ ማኅበሩ ከሚታየው ዓለም በስተጀርባ ሃይማኖቶች ሁሉ የሚጋሩት አንድ ስውር እውነት አለ ብሎ ያስተምር ነበር። ከዚያ ወዲህ የሣላቸውን ዛፎች በቅደም ተከተል የሚመለከት ሰው መነጠሉን በዓይኑ ይከታተላል። ቅጠሉ ይጠፋል፤ ቀጥሎ የግንዱ ክብደት ይሳሳል፤ ቅርንጫፎቹ ወደ ጎባጣ መስመሮች ይለወጣሉ፤ ኋላም ዛፉ ራሱ ቀርቶ ቋሚና አግዳሚ መስመር ብቻ ይተርፋል። በ1917 ቴዎ ቫን ዱስቡርክ «ደ ስታይል» የተባለውን መጽሔት ሲመሠርት ሞንድሪያን ከዋነኞቹ ጸሐፊዎች አንዱ ሆነ፤ በ1920ዎቹ መጀመሪያም ሥዕሉ ዛሬ ሁሉም የሚያውቀውን መልክ ያዘ። ነጭ መደብ፣ ጥቁር መስመሮች፣ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ።

ሞንድሪያን ቋሚውንና አግዳሚውን መስመር የዓለም ተቃራኒ ኃይሎች መገለጫ አድርጎ ያያቸው ነበር። የሠዓሊው ተግባር በእነርሱ መካከል ሚዛን መፍጠር ነው ብሎ ያምናል። ሚዛኑን ግን በስሌት አልፈለገውም፤ መስመሩን እያነሣና እያዛወረ በዓይኑ ይመዝን ነበር። በ1944 በኒው ዮርክ ሲሞት ሳይጨርሰው በተወው ሸራ ላይ ለዚሁ ሲል የለጠፋቸው ባለ ቀለም ቁርጥራጮች ዛሬም ይታያሉ። ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ቅርጽ አይወድም ነበር። ቫን ዱስቡርክ በ1920ዎቹ አጋማሽ ሰያፍ መስመር ወደ ሥራው ሲያስገባ ሞንድሪያን ከመጽሔቱ ተለየ። በመስመር መዝመም የተነሣ ወዳጅነት ፈረሰ ሲባል የሚስቅ ሰው አይጠፋም። ጥቃቅን በሚመስሉ መስአላዎች ላይ ታላላቅ ዑለማ ሲከራከሩ እያነበበ ያደገ የመድረሳ ተማሪ ግን የሚስቅ አይመስለንም፤ መስመሩ ዓቂዳን የተሸከመ ነበርና።

ከሞንድሪያን ይልቅ ለእኛ ጥያቄ ቅርብ የሆነው ካዚሚር ማሌቪች ነው። በ1879 በኪየቭ አካባቢ ከፖላንዳውያን ወላጆች ተወልዶ በሩሲያ የሠራው ይህ ሠዓሊ፣ በታኅሣሥ 1915 በፔትሮግራድ በተከፈተ ዐውደ ርእይ ላይ «ጥቁር ካሬ» የተባለውን ሥራውን አቀረበ። ሥራው ቁመቱም ወርዱም 79.5 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሸራ ላይ በነጭ የተከበበ ጥቁር ካሬ ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም። ማሌቪች ሥዕሉን እንደ ሌሎቹ በግድግዳ መሐል አልሰቀለውም፤ ሁለት ግድግዳዎች በሚገናኙበት ማዕዘን ከጣሪያው ሥር ሰቀለው። በኦርቶዶክሳውያን ሩሲያውያን ቤት ይህ ማዕዘን የቅዱሳን ሥዕል የሚቀመጥበት ነው፤ ወደ ቤት የሚገባ ሰው አስቀድሞ ወደዚያ ዞሮ ያማትባል። የዘመኑ ሐያሲ አሌክሳንደር ቤኑዋም የተደረገውን ወዲያው ተረድቶ በብርቱ ነቅፎታል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ላይ ላዩን ሲታይ ማሌቪች ምስልን ያስወገደ ሰው ነው። ሥራውንም ቁስ አልባ ብሎ ይጠራ ነበር፤ በ1918 ደግሞ በነጭ ላይ ነጭ ካሬ እስከ መሣል ደረሰ። ነገር ግን ያስወገደው ምስሉን እንጂ የምስሉን ወንበር አይደለም። ፊት ወደ እርሱ የሚዞርበት፣ ዓይን የሚያርፍበት፣ ልብ የሚሰበሰብበት ቦታ እንዳለ ቀርቷል፤ በዚያ ቦታ ካሬው ተቀመጠ። በ2015 የሞስኮው ትሬቲያኮቭ ቤተ መዘክር በጨረር ባደረገው ምርመራ ከጥቁሩ ሥር ቀድመው የተሣሉ ሁለት ባለ ቀለም ቅንብሮች መኖራቸው ታውቋል። ጥቁሩ ቃል በቃል መሸፈኛ ነበር ማለት ነው።

የቀሩትን ቀዳሚዎች በአጭሩ እናልፋለን። ስዊድናዊቷ ሂልማ አፍ ክሊንት ከ1906 እስከ 1915 ለምናባዊ ቤተ መቅደስ 193 ሥዕሎች ሠርታ፣ ከሞተች ሃያ ዓመት ሳይሞላ ለሕዝብ እንዳይታዩ አዝዛለች፤ የቫሲሊ ካንዲንስኪ ዝነኛ መጽሐፍም ርእሱ ራሱ በሥዕል ስላለው መንፈሳዊነት ይናገራል። ስዊዘርላንዳዊቷ ሶፊ ቶይበር ግን በእነዚህ መካከል ለየት ትላለች። በዙሪክ የጨርቃ ጨርቅ ሙያ መምህርት ነበረች፤ ቋሚና አግዳሚ ቅርጾቿም ከምሥጢራዊ ትምህርት ይልቅ ከድርና ማግ የወጡ ይመስላሉ። ከሁሉም ለእኛ ባለሙያዎች የምትቀርበው እርሷ ናት ብንል ብዙ አንሳሳትም።

የእኛ ባለሙያዎች ምን ይሠሩ ነበር? በአራተኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው የሒሳብ ሊቅ አቡል ወፋ አል ቡዝጃኒ (940–998) ባለ እጆች ከጂኦሜትሪ የሚያስፈልጋቸውን የሚያስረዳ መጽሐፍ ጽፏል። በዚያ መጽሐፍ ሊቃውንትና ባለ እጆች በአንድነት ተቀምጠው ሦስት እኩል ካሬዎችን ቆርጦ አንድ ትልቅ ካሬ ስለ ማድረግ መወያየታቸውን ይነግረናል። ሊቁ የትልቁን ካሬ ጎን በማስረጃ ያገኛል፤ እንዴት ተቆርጦ እንደሚገጣጠም ግን አይጨነቅም። ባለ እጁ ለዓይን የሚስማማ አቆራረጥ ያመጣል፤ ሲለካ ግን ትክክል ሆኖ አይገኝም። ቡዝጃኒ የሁለቱንም ጉድለት ካሳየ በኋላ ማስረጃውም አቆራረጡም የተሟላ መፍትሔ ያቀርባል። በኢስታንቡል በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት የሚገኘው የንድፍ ጥቅልም ይህንኑ ዕውቀት ያሳያል። ርዝመቱ 29.5 ሜትር ያህል ሲሆን 114 ንድፎችን ይዟል፤ በቀለም ከተሠሩት መስመሮች ሥር በሹል ነገር ብቻ የተጫሩ መሥሪያ መስመሮች አሉበት። ባለሙያው ክብ ይነድፋል፤ በአምስት፣ በስምንት ወይም በአሥር ይከፍለዋል፤ ከዚያ የምትደጋገመውን አንዲት ክፍል ያወጣል። ግድግዳው የሚሞላው ያቺ ክፍል እንደ መስታወት ምስል እየተገለበጠች ስትቀጥል ነው። በዚህ ሥራ ከዛፍም ሆነ ከሰው መልክ የተነጠለ ነገር የለም፤ ጥልፍልፉ ከክብና ከመስመር ተገነባ እንጂ።

«ሥዕል ስለተከለከለ ወደ ጂኦሜትሪ ዞሩ» የሚለው ማብራሪያም ብቻውን አይበቃም። የክልከላው ሐዲሶች ከመጀመሪያው ትውልድ የተላለፉ ናቸው፤ የተወሳሰበው ጥልፍልፍ ግን ጉልሩ ነጂፖግሉ በ1995 ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው በአሥረኛውና በአሥራ አንደኛው ክፍለ ዘመን በአባሲዮች ባግዳድ ዙሪያ የዳበረ ነው። በሌላ በኩል እንደ ቲቶስ ቡርክሃርት ያሉ ጸሐፊዎች እያንዳንዱን ኮከብ የተውሒድ ምልክት አድርገው ይተረጉሙታል። ትርጓሜው ልብን ይነካል። ሆኖም የቶፕካፒው ጥቅል ስለ ትርጉም የሚያብራራ ጽሑፍ የለበትም። ሞንድሪያንና ማሌቪች ሥዕላቸውን በመግለጫና በመጽሐፍ ሲያጅቡ ኖረዋል፤ ባለ እጆቻችን ግን አሠራሩን እንጂ ምሥጢሩን አልተዉልንም።

ከምልክትነት ይልቅ ልዩነቱን የሚያሳየን የቦታው ጉዳይ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጌጥ ባለው ልብስ ሰግደው ዓይናቸው ወደ ጌጡ ስላለፈ፣ ከሶላታቸው እንዳዘናጋቸው ተናግረው ልብሱን ወደ አቡ ጀህም ላኩትና ጌጥ የሌለውን አስመጡ። ከዚህ በመነሣት ብዙ ፉቀሃእ በሰጋጅ ፊት ያለ ጌጥን መክሩህ ብለዋል። ሚህራቦቻችን ብዙውን ጊዜ ከመስጊዱ ሁሉ ይልቅ ያጌጡ መሆናቸውን ግን መደበቅ አይገባም፤ የፊቅህ ሰዎችና ግንበኞች በዚህ ጉዳይ ሁልጊዜ አልተስማሙም። ያም ሆኖ ሚህራቡ አቅጣጫን ያመለክታል እንጂ ራሱ የሚታለም ነገር አይደለም፤ ጥልፍልፉም ማዕከል የለውም፤ ጠርዙ ላይ ኮከቡ በግማሽ ተቆርጦ መቀጠሉን ይናገራል። የማሌቪች ካሬ «እዚህ ተመልከት» ሲል ጥልፍልፉ ዓይንን ያሳልፋል።

ሁለቱ መንገዶች በእውነት የተገናኙት በንጽጽር ጽሑፎች ሳይሆን በአንዲት ሠዓሊ እጅ ነው። ሰልዋ ረውዳ ሹቀይር በ1916 በቤይሩት ተወለደች። በ1943 ካይሮን ስትጎበኝ የመስጊዶቹ አሠራር ማረካት፤ በ1948 ወደ ፓሪስ ሄዳ የዘመኑን ረቂቅ ሥዕል ከምንጩ ተማረች። ከሁለቱም የወሰደችው የኮከቡን ቅርጽ አልነበረም። የወሰደችው የምትደጋገመውን ክፍል ነው። ሥዕሎቿ አንድ ቅርጽ ተከፍሎ፣ ተገልብጦና ቀለም ተለዋውጦ ሲመላለስ ያሳያሉ። «ሁለት እኩል አንድ» ከተባለው ሸራዋ ላይ በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን የፈነዳ ቦምብ የሰነቀረው ስብርባሪ መስታወት እንዳለ ነው። ለንደን የሚገኘው ቴት ሞደርን በ2013 ሥራዎቿን ባሳየ ጊዜ ያን ሸራ ከነቀዳዳው ሰቅሎታል። እርሷም በ2017 ዐረፈች። «ግጥም» ብላ የሰየመቻቸው ቅርጻ ቅርጾች ልክ እንደ ዐረብኛ ግጥም በይቶች እርስ በርስ እየተሰካኩ የተደረደሩ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ይቆማል፣ ተነሥቶም በሌላ ቅደም ተከተል ሊደረደር ይችላል።