ከስታዲየሙ እስከ ዋሂል

በ1968 ዓ.ም. የካቲት ማብቂያ ላይ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር ድሬዳዋ ገቡ። ኢትዮጵያ ያዘጋጀችው አሥረኛው የአፍሪካ ዋንጫ ለሁለት ከተሞች ተከፍሎ አንዱ ምድብ ለአዲስ አበባ፣ ሌላው ለድሬዳዋ ደርሶ ነበር። ዛየር ያኔ የዋንጫው ባለቤት ናት፤ ከሁለት ዓመት በፊትም በዓለም ዋንጫ ተጫውታለች። ሻምፒዮን የሆነችው ሞሮኮም ምድቧን ያለፈችው እዚሁ በድሬዳዋ ሜዳ ላይ ነው።

ከተማዋ ለዚህ ክብር የበቃችው በአንድ ቀን አይደለም። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተነስቶ ሲደርስ ከተማ ሆነች፤ ባቡሩ ሠራተኛ፣ ነጋዴና ፋብሪካ አመጣ፤ ፋብሪካው ደግሞ የኳስ ቡድን ወለደ። የጥጥ ፋብሪካው ቡድን፣ ኮተን፣ በ1950ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ ወስዷል። የሲሚንቶ ፋብሪካውም የራሱ ቡድን ነበረው። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሳ የብሔራዊ ቡድኑ አምበል የነበረው ሉቺያኖ ቫሳሎ የኮተንን ማሊያ ከለበሱት ዝነኞች አንዱ ነው። በዚያ ዘመን የድሬዳዋ ኳስ ጌታው ፋብሪካ ነበር። የፋብሪካው ገበያ ሲደራ ቡድኑ ይጠነክራል፤ ፋብሪካው ሲዳከም ቡድኑም አብሮ ይዳከማል።

በዚያው ዘመን በድሬዳዋ ሰፈሮች ሌላ ነገር ይበቅል ነበር። ጥቂት ወጣቶች ተሰባስበው አፍረን ቀሎ የሚባለውን የኪነት ቡድን አቋቋሙ፤ ሠርግ ቤት እየዞሩ በአፋን ኦሮሞ ይዘፍኑ ጀመር። ዓሊ ቢራ ገና በልጅነቱ ከነሱ ጋር ነበር። ቡድኑ ያገኘው የመንግሥት «ድጋፍ» እገዳና እስር ነው። ዓሊ ቢራ ራሱ ታስሯል። ሆኖም ድምፁ አልቆመም፤ ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ደረሰ፣ ከዚያም ባሕር ማዶ ተሻገረ። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ የተቀበረው በተወለደባት ድሬዳዋ ነው፤ ያኔ የዘመኑ ባለሥልጣናት በስሙ ብዙ ተናገሩ።

ሁለቱን ታሪኮች አንድ ላይ ያነሳሁት በምክንያት ነው። ድሬዳዋ ለኢትዮጵያ ስፖርትና ጥበብ ያበረከተችው ትልቁ ነገር የመጣው ከመንግሥት ቢሮ ሳይሆን ከፋብሪካ ግቢ፣ ከባቡር ጣቢያና ከሠርግ ዳስ ነው። ዛሬ ግን ኮተን እንደ ቀድሞው የለም፤ ጥንታዊው የባቡር መስመር በአብዛኛው ቆሟል፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም ከከተማዋ ወጣ ብሎ ነው የሚቆመው። የፋብሪካውና የባቡሩ ድርሻ ሁሉ በከተማ አስተዳደሩ ትከሻ ላይ ወድቋል። ስለዚህ ይህ አስተዳደር ለስፖርት፣ ለባህልና ለቱሪዝም የሚያወጣው ገንዘብ የት ይደርሳል ብሎ መጠየቅ የማንም ነዋሪ መብት ነው።

ድሬዳዋ ክልል ባትሆንም የክልል ያህል ሥራ ትሠራለች። በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ቻርተር ተሰጥቷት ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ነው፤ የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ ቢሮዎች፣ የራሷ በጀት አላት። ይህ አስተዳደር ሲነሳ ብዙ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚያየው የከተማውን ሰፈሮች ከዚራንና መጋላን፣ የከፊራን ገበያና የደቻቱን ድልድይ ነው። ነገር ግን አስተዳደሩ ለረጅም ዓመታት የተዋቀረው በ9 የከተማና በ38 የገጠር ቀበሌዎች ነበር፤ ገጠሩም በአራት ክላስተር ይጠቃለላል፤ አሰሊሶ፣ ብዮ አዋሌ፣ ጀልዴሳና ዋሂል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ341,834 ነዋሪዎች አንድ ሦስተኛው ያህል የሚኖረው በዚህ ገጠር ነበር። የዋሂል ገበሬ ማሽላውን የሚያጭድ፣ ፍየሉን የሚያግድ፣ ዝናብ ሲያጥር የሚጨነቅ ሰው ነው። ድሬዳዋ ከተማ የእርሱም ዋና ከተማ ናት፤ የከተማ አስተዳደሩ የባህልና የስፖርት በጀትም የእርሱ ነው።

አሁን ገንዘቡ በቀላሉ የሚሄድበትን እንይ። የመጀመሪያው እግር ኳስ ነው። የድሬዳዋ ከተማ ክለብ፣ እንደ ሐዋሳ፣ እንደ አዳማና እንደ ባሕር ዳር ክለቦች ሁሉ፣ በአስተዳደር ድጋፍ የቆመ ክለብ ነው። በ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ ድሬዳዋ ከአስተናጋጆቹ አንዷ ነበረች፤ ጨዋታው በቴሌቪዥን አፍሪካን አዳረሰ፤ ሆቴሎችም ሥራ አገኙ። ይህ መልካም ነው። ችግሩ ያለው የክለብ በጀት ውስጥ ነው። በአገራችን በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር ክለብ ትልቁ ወጪው የተጫዋች ደመወዝና የፊርማ ገንዘብ ነው፤ ተጫዋቹ ዓመት ተጫውቶ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ገንዘቡም አብሮት ይሄዳል። ሊጉ ራሱ የክፍያ ጣሪያ እስከማበጀት የደረሰው የከተሞች ካዝና ይህን ስላልቻለ ነው።

በዚያው ገንዘብ ትንሽ ክፋይ ስንት ሊሠራ እንደሚችል ስፖርት ያለፈበት ሰው ያውቀዋል። የታዳጊ ፕሮጀክት የሚባለው የልጆች ሥልጠና የሚጠይቀው የተጠረገ ሜዳ፣ ኳስ፣ ጥቂት ትጥቅ፣ በወሩ የሚከፈለው አበል የማይቋረጥበት አሰልጣኝና ወደ ውድድር የሚያመላልስ መኪና ነው። ከእነዚህ መካከል ሁልጊዜ የሚቋረጠው አበሉ ነው። አበሉ ሲቋረጥ አሰልጣኙ ይሄዳል፤ አሰልጣኙ ሲሄድ ልጆቹ ይበተናሉ። የከተማው ልጅ ቢያንስ ስታዲየሙን በእግሩ ይደርሳል። የዋሂል ልጅ ግን ሜዳው ሰፈሩ ካልመጣለት ወደ ሜዳው መምጣት አይችልም። ከዋሂል የሚወጣ ተጫዋች ለድሬዳዋ ከተማ ማሊያ ሲሰለፍ ማየት የአስተዳደሩ የስፖርት ዕቅድ መለኪያ ሊሆን ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፤ ከደረጃ ሠንጠረዡም በላይ።

ሁለተኛው በዓል ነው። ድሬዳዋ በዓል ማዘጋጀት ታውቅበታለች፤ በ2014 ዓ.ም. 16ኛውን የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን አስተናግዳለች። በዓል ሲመጣ የኪነት ቡድን ይጠራል፣ ልብስ ይሰፋል፣ ባዛር ይከፈታል። የገጠሩ ወጣት የሼጎዬ ጭፈራውን ይዞ መድረክ ላይ ይወጣል፣ የሶማሌው ወጣት ዳንቶውን፤ ካሜራው ይቀርጻቸዋል፤ የውሎ አበላቸውን ይቀበሉና ወደየመጡበት ይመለሳሉ። በማግስቱ ስለነሱ የሚጠይቅ ቢሮ ካልኖረ የተደረገው ነገር ትርኢት እንጂ ድጋፍ አይደለም። አፍረን ቀሎ ያደገው በየሳምንቱ ሠርግ ስለነበረ ነው፤ ጥበብ ተመልካችና ልምምድ በየጊዜው ይፈልጋል። የድሬዳዋ ብዙኃን መገናኛ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ያሰራጫል። ቀረጻ ባለሙያዎቹ በየወሩ ወደ አንድ የገጠር ክላስተር ወርደው ሽማግሌውን፣ ዘፋኙን፣ ተረት ነጋሪውን ቢቀዱ፣ ለቀረጻውም ቢከፍሉ፣ በጥቂት ዓመታት ማንም ሊገዛው የማይችል ቤተ መዛግብት ይኖረናል።

ይህ ቅንጦት እንዳልሆነ የሚያሳይ ማስረጃ ቅርብ ነው። ኅዳር 2017 ዓ.ም. የኢሳ ሶማሌ የቃል ሕግ፣ ሔር ኢሴ፣ በኢትዮጵያ፣ በጂቡቲና በሶማሊያ ስም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ የጎረቤታችን የሐረር የሹዋሊድ በዓል ተመዝግቦ ነበር። ሔር ኢሴ በዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡ አዋቂዎች በቃላቸው ለትውልድ ያቆዩት ሕግ ነው። ድንጋይ አይደለም፤ ሰው ነው የያዘው። ሕጉን በቃሉ የሚያውቅ ሽማግሌ ተተኪ ሳያሠለጥን ከሞተ የዩኔስኮ ወረቀት ብቻውን ምንም አያደርግም። ስለዚህ አስተዳደሩ ለዚህ ቅርስ የሚያወጣው ገንዘብ ሐውልት ሳይሆን ሽማግሌውንና ወጣቱን አንድ ላይ የሚያስቀምጥ ጉባኤ ላይ ቢውል ይሻላል።

ቱሪዝም ላይ ስንደርስ ነገሩ ይበልጥ ያንገበግባል፤ እዚህ ጋ ቆም ማለት እፈልጋለሁ።

ከከተማው በስተደቡብ፣ ገራድ ኤረር በሚባለው ኮረብታ ገደል ላይ፣ ከደቻቱ ወንዝ አልጋ 140 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ፖርክ ኤፒክ ዋሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ1929 ቴያር ደ ሻርደንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬ አገኙት፤ በ1933 አቤ ብሮይ ቆፈረው፤ በ1970ዎቹ ዴዝሞንድ ክላርክና ባልደረቦቹ ቀጠሉ። ከዋሻው ከ4,000 በላይ የቀይና የቢጫ አፈር ቀለም ቁርጥራጮች ወጡ፤ ክብደታቸው 40 ኪሎ ገደማ ነው። ቀለሙ የተፈጨባቸው ድንጋዮችም አብረው ተገኙ። ከመካከላቸው ግማሹ ቀለም ውስጥ የተነከረ አንድ ክብ ጠጠር አለ፤ ተመራማሪዎቹ ቀለም ለመቀባት ወይም ለማተም ሳያገለግል አልቀረም ይላሉ። ከ400 በላይ የተበሱ የቀንድ አውጣ ክዳኖችም ተገኝተዋል፤ እንደ ዶቃ የታሰሩ ይመስላሉ። ይህ ሁሉ የዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ ነው። በድሬዳዋ ምድር ላይ ያኔ ሰው ቀለም ይፈጭና ያጌጥ ነበር፤ ስለ ድሬዳዋ ጥበብ የሚወራ ወሬ ሁሉ መነሻው እዚህ መሆን አለበት።

የተጠናው ስብስብ ያለው አዲስ አበባ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ቅርስ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ግን የዚያች ባለቀለም ጠጠር ቅጂ፣ የዋሻው ፎቶና አጭር ማብራሪያ ከዚራ ባቡር ጣቢያ ውስጥ አንድ ክፍል ቢሰጣቸው ስንት ብር ይፈጃል? የጣቢያው ግቢና ወርክሾፑ፣ ያረጁት ባቡሮችም ጭምር፣ ራሳቸው ሙዚየም ናቸው። የታኅሣሥ 19 እና የሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ተጓዥ በአውሮፕላንም በመኪናም ድሬዳዋን እየረገጠ ያልፋል። ሐረር ጀጎልን ሊያይ የመጣ የውጭ ጎብኚም አውሮፕላኑ የሚያርፍለት ድሬዳዋ ነው። ሁሉም ሆቴል ያድራል፣ ከፊራ ይገበያል፣ ይሄዳል። አንድ ቀን የሚያስጨምረው ነገር ቢያገኝ ይቆይ ነበር።

ከከተማው ወጣ ሲባል ደግሞ ለገ ኦዳ አለ፤ ጎዳ አጃዋ አለ፤ ከብቶች፣ ሰዎችና ልዩ ልዩ ምልክቶች በዋሻ ግድግዳ ላይ የተሳሉባቸው ስፍራዎች ናቸው። የባቡሩ መስመር ሳይዘረጋ ከዘይላ ወደ ሐረር የሚጓዘው ቅፍለት የሚያርፍባት፣ ቀረጥ የሚከፍልባት ጀልዴሳ አለች፤ ገጣሚው አርተር ራምቦ ለንግድ ሲመላለስ የሚያውቃት ጀልዴሳ። እንዲህ ያሉት ስፍራዎች ከከተማው አስፋልት ውጭ፣ በገጠሩ ሰው ጉያ ውስጥ ናቸው።

የዋሻ ሥዕልን ደግሞ ዝናብና ዘመን ብቻ አያጠፉትም። እረኛ ብርድ ሲመታው ከሥዕሉ ሥር እሳት ያነድዳል፤ ጭሱ ግድግዳውን ይለብሰዋል። ጎብኚ ስሙን በድንጋይ ይቧጭራል። ሥዕሉ በደንብ እንዲታየኝ ብሎ ውኃ የሚረጭበትም አለ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን መመዝገብና ጥናት መፍቀድ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው፤ በየቀኑ ዋሻው በር ላይ መገኘት ግን ፌዴራል አይችልም። ያን የሚችለው የአካባቢው ሰው ነው። ከመንደሩ አንድ ሰው በቋሚ ደመወዝ ጠባቂ ይሁን፤ ሁለት ወጣቶች አስጎብኚነት ይሠልጥኑ፤ የመግቢያው ክፍያ የተወሰነ ክፋይ ለቀበሌው ውኃ ወይም ትምህርት ቤት ይዋል። ሥዕሉ የገበሬውን ቤት ካልጠቀመ ገበሬው ለምን ይጠብቀዋል?

በ2014 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1263 በፌዴራል ደረጃ ቱሪዝምን ለብቻው፣ ባህልና ስፖርትን አንድ ላይ አድርጎ ሚኒስቴር ሰጣቸው። መዋቅር ቢቀያየር ዋሂል ያለው ሰው ልዩነቱን የሚያየው አንድ ሠራተኛ በቋሚነት ሲመጣለት ነው። አሁን የኮሪደር ልማቱ ከዚራን እያስዋበ ነው፤ ጥሩ ነው፤ ጎብኚም ያምራል ይላል። ግን የመንገድ መብራት ላይ የሚውለው ትጋት ወደ ዋሻው የሚወስደውን ጥርጊያ መንገድና የገጠሩን ሜዳም ይድረሳቸው።

የአስተዳደሩ ምክር ቤት የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ከመጀመሩ በፊት በጀት ያጸድቃል። የምክር ቤቱን አባላት የምጠይቀው ይህን ነው፤ ለባህል፣ ለስፖርትና ለቱሪዝም ከሚመደበው ገንዘብ ስንቱ ለክለቡ ደመወዝ፣ ስንቱ ለበዓላት፣ ስንቱ ለአሰሊሶ፣ ለብዮ አዋሌ፣ ለጀልዴሳና ለዋሂል እንደሚሄድ በየራሱ መስመር ተለይቶ ይጻፍ፤ ለሕዝብም ይነበብ። የገጠሩ ድርሻ ከነዋሪው ቁጥር ጋር ይመጣጠን። የአሰልጣኞች አበልና የቅርስ ጠባቂዎች ደመወዝ ከመደበኛ በጀት ይያዝ፤ ለበዓል ሲባል አይቆረጥ። የዋሂል፣ የጀልዴሳ፣ የብዮ አዋሌና የአሰሊሶ ነዋሪዎችም ተወካዮቻችሁን ከመጪው ሐምሌ በፊት ይህንኑ ጠይቋቸው።