በብርድ አገር የማሰሮ ወይራ

ለንደን ውስጥ በየደጃፉና በየምግብ ቤቱ መግቢያ በትልቅ ማሰሮ የቆመ ወይራ ማየት የተለመደ ነው። ከኢትዮጵያ የሄደ ሰው ቅጠሉን ሲያይ የወተት ዕቃ የሚታጠንበት ወይራ ትዝ ቢለው አልተሳሳተም፤ ሁለቱ የአንድ ዝርያ ቤተሰብ ናቸው። ቅጠሉን ገልበጥ ሲያደርገው ግን ይለያያሉ። የእኛው ጀርባ ወደ ወርቃማ ቡኒ ያደላል፤ የሜዲትራኒያኑ እንደ ብር የነጣ ነው። ያ ብርማ ቀለም በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጃንጥላ የመሰሉ፣ እርስ በርስ የተደራረቡ ጥቃቅን ፀጉሮች ሆኖ ይገኛል። ቅጠሉ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች ያሉት በጀርባው ብቻ ስለሆነ፣ ጃንጥላዎቹ እርጥበቱ በነፋስ እንዳይወሰድ ይከልሉለታል።

ለድርቅ የተሠራ ዛፍ ነውና በማሰሮ ሲያድግ እኔ የምፈራለት ጥሙን ሳይሆን ውሃውን ነው። ሥር አየር ይፈልጋል። በብርድ ወራት ዛፉ የሚጠጣው ጥቂት ስለሆነ የተረፈው ውሃ የአፈሩን ክፍተት ይሞላና ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። ለዚህ ነው ከአፈሩ ሲሶ ያህል ጠጠር ወይም ፐርላይት የሚቀላቀለው፣ ማሰሮውም ከሥሩ ተበስቶ ጡብ ላይ ከፍ የሚደረገው። ውሃ ከማጠጣት በፊት ጣትን አፈሩ ውስጥ መክተት ይበቃል፤ እርጥበት ከተሰማ ይቆይ።

ብርዱስ? የጠና ወይራ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ አካባቢ ያለውን ውርጭ ለአጭር ጊዜ ይችላል። ደካማው ክፍሉ ቅጠሉ ሳይሆን ሥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1956 በደቡብ ፈረንሳይና በቶስካና የወረደው ብርድ ስፍር ቁጥር የሌላቸውን ወይራዎች ግንዳቸው ድረስ ገደለ፤ ብዙዎቹ ግን ከሥር እንደገና አቆጠቆጡ። ያተረፋቸው ሥሩን ያለበሰው አፈር ነበር። ማሰሮ ይህ መከታ የለውም፤ ብርዱ በዙሪያው ሁሉ ይገባበታል። ስለዚህ የዛፉን አናት ከመሸፈን በፊት ማሰሮውን በጆንያ ወይም በወፍራም ጨርቅ መጠቅለል፣ ወደ ግድግዳ ማስጠጋት ይቀድማል።

አሳዝኗቸው ሳሎን የሚያስገቡትም አሉ። ልባቸው መልካም ነው፤ ዛፉ ግን ይጎዳል። በማሞቂያው ደረቅ አየርና በጨለማው ቅጠሉ ይረግፋል። ከዚያም በላይ ወይራ የአበባ እንቡጥ ለማዘጋጀት ለሳምንታት የቆየ ቅዝቃዜ ይሻል፤ ሞቆ የከረመ ወይራ አያብብም። ውርጩ በሚጠናበት አገር ማሞቂያ የሌለው፣ ብርሃን የሚገባው በረንዳ ይሻለዋል።

አበባው የሚወጣው አምና ባደጉት ቅርንጫፎች ላይ ነው፤ ሁሉንም የገረዘ የዘንድሮውን ፍሬ አብሮ ይቆርጣል። ፍሬው ቢጠቁርም ከዛፉ ተቀጥፎ አይበላም። ኦሊዩሮፔይን የሚባለው መራራ ንጥረ ነገር፣ ፍሬው በጨው ውሃ ለሳምንታት ተዘፍዝፎ ካልወጣለት በቀር አይቀመስም።