ከመኪና መስኮት የምትታይ ከተማ

ጎብኚ ከመምጣቱ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቀኛል፦ «አዲስ አበባ ሰላም ናት?» እና «ስንት ቀን ትበቃናለች?»። ለእሱ ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። እኔ ግን በአስጎብኚነት በቆየሁ ቁጥር አንዱን ሳልመልስ ሌላውን መመለስ እያቃተኝ መጥቷል። እንግዳን ከአደጋ ለመጠበቅ የምንወስደው እርምጃ ሁሉ ከከተማዋ ከሚያገኘው ላይ ትንሽ ይቆርሳል። ላንድክሩዘር ውስጥ አስገብተን፣ መስታወቱን ዘግተን ከሙዚየም ወደ ሙዚየም ካዞርነው አንዳች አይነካውም። ማታ ሆቴሉ ሲገባ ታዲያ «ለዚህማ ግማሽ ቀን ይበቃ ነበር» ይላል። አልፈርድበትም፤ በመስታወት ለታየች አዲስ አበባ ግማሽ ቀንም ይበዛባታል።

ጠያቂው እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት የአገሩን መንግሥት ጠይቋል። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከጥር 2010 ዓ.ም. ወዲህ አገሮችን ከ1 እስከ 4 በሚደርስ ደረጃ ይመድባል፤ 1 የተለመደው ጥንቃቄ ይበቃል ማለት ሲሆን 4 አትሂዱ ነው። እንግሊዞች ደግሞ ካርታውን ክፍል በክፍል ቀለም ይቀቡታል። እነዚህን ምክሮች የሚያናንቁ የሙያ ጓደኞች አሉኝ፤ «ቢሮ ቁጭ ብለው የሚጽፉት ነው» ይላሉ። እኔ በየሳምንቱ አነባቸዋለሁ። የሚጠቅሙኝ ግን ስለ ከተማዋ በሚነግሩኝ ነገር አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት «አስፈላጊ ካልሆነ አትጓዙ» ባለ ቁጥር ብዙዎቹ የአገሩ የጉዞ ኢንሹራንሶች ሽፋናቸውን ያነሳሉ፤ ኢንሹራንስ በሌለበት ደግሞ የለንደን አስጎብኚ ድርጅት ጉዞውን ለመሸጥ ይቸገራል። እኛ ቢሮ ስልክ መጮህ የሚያቆመው ፒያሳ ላይ አንድ ነገር ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሩቅ አገር ያለ የኢንሹራንስ ሠራተኛ አንድ ሰንጠረዥ ላይ መስመር ስላሰመረም ይሆናል።

ይህን በደንብ ያየነው በ2014 ዓ.ም. ነው። ጥቅምት 23 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ኤምባሲዎች ዜጎቻቸውን «ውጡ» አሉ፣ የያዝናቸው ጉዞዎችም ተሰረዙ። የሰሜኑን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ልክ በዓመቱ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። አዋጁ በታወጀበት ሰሞን ቦሌ ላይ ካፌዎቹ እንደ ወትሮው ሞልተው ነበር። ፎቶ አንስተው ለደንበኞቻቸው የላኩ፣ «ይኸው፣ ምንም የለም» ያሉ አስጎብኚዎች ነበሩ። ፎቶው ውሸት አልነበረም። ግን በዚያው ሰሞን በብሔራቸው ምክንያት ተይዘው የታሰሩ፣ ከቤት ለመውጣት የፈሩ ነዋሪዎች በዚያችው ከተማ ውስጥ ነበሩ። ለእንግዳ ሰላም የሆነ መንገድ ለነዋሪው ሰላም ነው ማለት እንዳልሆነ ባለሙያው ማወቅ አለበት፤ ባያውቅ እንግዳው ራሱ ከሾፌሩ ዝምታ ይረዳዋል።

ወደ ዕለቱ ሥራ ልመለስ። አዲስ አበባ ውስጥ እንግዳ ላይ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ እጅ የሚያሳርፍ ወንጀል ሳይሆን ቅልጥፍና ነው። አንዱ ወጣት «ሜሲ! ሮናልዶ!» እያለ እየሳቀ ይጠጋና እግሩን ከእንግዳው እግር ጋር እንደ ኳስ ጨዋታ ያቆላልፋል፤ እንግዳው ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲል ጓደኛው ስልኩን ይዞ ሄዷል። ሌላው ሳያስበው የተፋ መስሎ ልብሱ ላይ ይተፋና «ሶሪ፣ ሶሪ» እያለ ይጠርግለታል፣ ኪሱንም አብሮ ይጠርግለታል። ትንንሾቹ ማስቲካና ሶፍት የተደረደረበትን ካርቶን ደረቱ ሥር ይዘረጋሉ፤ ከካርቶኑ በታች ያለው እጅ አይታይም። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ አካባቢ ደግሞ አለባበሱ ያማረ፣ እንግሊዝኛው የጠራ «የዩኒቨርሲቲ ተማሪ» አለ። «ዛሬ ልዩ የባህል በዓል ስላለ ልውሰድህ» ብሎ አንድ ግቢ ያስገባዋል፤ ቡና ይፈላል፣ ጠጅ ይቀዳል፣ እስክስታ ይመታል፣ መጨረሻ ላይ ቢሉ ይመጣል። እኔን የሚያናድደኝ ይኼኛው ነው። ስልኩ የተሰረቀ ሰው በሁለተኛው ቀን ይስቅበታል፤ ወዳጅነት የተሸጠለት ሰው ግን ከዚያ በኋላ ቤቱ ቡና ጠጣ የሚለውን እውነተኛ ጎረቤት ሁሉ ይሸሻል።

ለዚህ ሁሉ የምሰጠው ምክር አጭር ነው። ስልክ በእጅ ይዞ አለመሄድ፣ በተለይ መኪና ውስጥ መስኮት ከፍቶ አለማውራት፣ የሚነካካህ ሰው ሲመጣ ኪስህን ይዘህ ሳትቆጣ መራመድ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ በራይድ ወይም በ«ፈረስ» መተግበሪያ በተጠራ ታክሲ እንጂ በእግር አይደለም። አንድም ነገር እጨምራለሁ፦ በትንሽ ነገር «ሌባ!» ብለህ አትጩህ። የውጭ ሰው ይህ ጩኸት እኛ ዘንድ ምን እንደሚያመጣ አያውቅም። ሕዝቡ ይሮጣል፣ ልጁ ይያዛል፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነው እንግዳው በሕይወቱ ሊያየው የማይፈልገው ሊሆን ይችላል።

ያው ሕዝብ ግን ጠባቂዬም ነው። መጽሐፎቹ ሰው የበዛበትን ቦታ ሽሹ ይላሉ፤ የእኔ ልምድ ከዚህ ይለያል። የምፈራው ሰው የማይውልበትን መንገድ ነው። ሊስትሮው፣ ጀብሎው፣ የፓርኪንጉ ልጅ፣ ጥግ ላይ ጀበና ጥዳ የምትውለው እናት፣ እነዚህ ቀኑን ሙሉ እዚያው ስለሚውሉ ማን የሠፈሩ ሰው እንደሆነ፣ ማን ለሥራ እንደመጣ ያውቃሉ። እንግዳ ይዤ ከመግባቴ በፊት ሰላም እላቸዋለሁ፤ ጫማዬ ንጹሕ ቢሆንም አስጠርጋለሁ። «ጋሼ፣ ሰውየው ቦርሳውን ወደ ፊት ያድርግ በሉት፤ ልጆቹ ዛሬ ወጥተዋል» ብሎ በጆሮዬ ሹክ ያለኝ ሊስትሮ የሠራልኝን ካሜራ አይሠራልኝም።

ስለ ትልቁ አደጋ ግን እንግዶቹ አይጠይቁኝም። መኪና ነው። ከኪስ አውላቂው ይልቅ ዜብራ ላይ ሾፌሩ ይቆምልኛል ብሎ የሚያምን የጀርመን ጡረተኛ ያስጨንቀኛል። ከፍታውም አለ፤ ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦ ከ3,000 ያልፋል፤ የመጀመሪያውን ቀን ራስ ምታት ብዙዎች ከምግብ ይቆጥሩታል። ማታ ማታ በየሠፈሩ የሚሰባሰቡት ውሾችም ቀልድ አይደሉም። ብቻዋን ለምትመጣ ሴት ደግሞ ከሌብነቱ ይልቅ ለከፋው ያሰለቻታል፤ ይህን ሳልሸፋፍን አስቀድሜ እነግራታለሁ። ድሮን ይዞ መምጣት፣ ቤተ መንግሥትና ወታደር ፎቶ ማንሳት ያስይዛል። ስለ ሕዝብ መሰባሰብ ያለኝ ደንብ ደግሞ አንድ ነው፦ ለደመራ መስቀል አደባባይ፣ ለጥምቀት ጃን ሜዳ እወስዳለሁ፤ ወደ ፖለቲካ ሰልፍ አልወስድም። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በዚያው መስቀል አደባባይ የድጋፍ ሰልፍ ላይ ቦምብ ፈንድቷል። የሰልፉ ዓላማ መልካም መሆን ለእንግዳዬ ዋስትና አይሆነውም።

እንግዲህ አደጋው ይህ ከሆነ በምን ይካካሳል? ካይሮ ፒራሚድ አላት። ናይሮቢ ከሕንጻዎቿ ሥር አንበሳ የሚታይበት ፓርክ አላት። አዲስ አበባ እንዲህ ፊቱ ቆመው ፎቶ ተነሥተው «አየሁት» የሚሉት አንድ ነገር የላትም፤ ይህን ለእንግዳ መደበቅ ዋጋ ያስከፍላል። ድንቅነሽ አለች ይባላል። አዎ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው ድንቅነሽ ያለችው እዚሁ ነው፤ በብሔራዊ ሙዚየሙ ለሕዝብ የሚታየው ግን ቅጂዋ ነው፣ አጥንቷ ተቆልፎበታል። ይህን ቀድሜ እናገራለሁ፤ እዚያ ሲደርስ ከጽሑፍ አንብቦ የሚያገኘው እንግዳ ቀኑን ሙሉ ይጠረጥረኛል።

እኔ የምጀምረው ከስድስት ኪሎ ነው። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት ግቢ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ነው። የንጉሡ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤታቸው እዚያው አለ። ከሕንጻው ፊት ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል፤ ጣሊያኖች ለሙሶሊኒ የሥልጣን ዓመታት አንድ አንድ እርከን እየጨመሩ የሠሩት ነው ይባላል። ጫፉ ላይ ኢትዮጵያውያን አንበሳ አስቀመጡበት። ከበሩ ወጣ ብሎ አደባባዩ ላይ የየካቲት 12ቱ የሰማዕታት ሐውልት አለ። ከቦታው ሳልርቅ፣ በእግር፣ የ1929ኙን ጭፍጨፋም የአንበሳውን ቀልድም አሳየዋለሁ። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ደግሞ ትንሽ ነው፤ ከእንግዶቼ ጋር ገብቼ ከትልልቆቹ ሙዚየሞች ይልቅ ዝም አሰኝቶ ሲያስወጣቸው አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ወዲያው ምሳ አላበላም፤ አንድ ማኪያቶ እናዝዛለን፣ እንቀመጣለን።

መርካቶን የማያስገቡ አስጎብኚዎች አሉ። «ኃላፊነቱን አልወስድም» ይላሉ። ገብቶኛል፤ ሆኖም መርካቶን ያላየ ሰው አዲስ አበባ በምን እንደምትተዳደር አላየም። ጠዋት፣ በትንሽ ሰው፣ ቦርሳ ሆቴል ትተን፣ አንድ ተራ ብቻ መርጠን እንገባለን። የማዘወትረው ምናለሽ ተራን ነው፤ በርሜል ምጣድ ሲሆን፣ የመኪና ጎማ ጫማ ሲሆን፣ ያረጀ ብረት መዶሻ ሥር ሲለሳለስ እዚያ ይታያል። የሠራተኛውን ፊት ፎቶ ማንሳት ያለ ፈቃድ የለም፤ ከተፈቀደ በኋላ ግን ሻይ የሚያስመጣው ብዙ ጊዜ ባለ መዶሻው ነው።

አሁን ሒሳቤን ያወሳሰበብኝ ኮሪደር ልማቱ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራት ገብቷል፣ ካሜራ ተተክሏል። ድሮ እንግዳን ይዤ ጉድጓድ እየዘለልኩ ባለፍኩበት መንገድ ዛሬ ጋሪ የሚገፉ እናቶች ማታ ይንሸራሸራሉ። ደህንነቱ ጨምሯል፤ ይህን የማይቀበል አስጎብኚ ካለ ሥራውን በእግር አልሠራም። ነገር ግን የድሮዋ ፒያሳ አብዛኛው ቤቷ ፈርሷል። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. እዚያው ተከፍቶ ብዙ የሚታይ ነገር ሰጥቶኛል፤ ጣይቱ ሆቴልም እንደቆመ ነው። በሁለቱ መካከል በእግር እየሄድኩ የምተርክባቸው የወርቅ ቤቶችና የእንጨት ሰገነቶች ግን ከመንገዱ ዳር የሉም። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ ማታ እንግዳ የምንወስድባቸው አዝማሪ ቤቶች አብረው ሄዱ። ጀብሎውና ሊስትሮውም ከአዲሱ መንገድ ተነሥተዋል። መንገዱ ንጹሕ ነው፣ ብርሃን ነው፣ ግን የሚያውቀኝ ሰው አይውልበትም። እንግዳው ያለ ስጋት ይራመዳል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥም «ቀጥሎ ወዴት ነው?» ይለኛል።

ስለዚህ መልሴ እንደ ጠያቂው ይለያያል። ቀን ላይ የስድስት ሰዓት ትራንዚት ላለው ሰው «ውጣ» እላለሁ፤ ስድስት ኪሎ፣ አንድ ቡና፣ መመለስ፤ ለቦሌ መንገድ መጨናነቅ ሁለት ሰዓት ተቀንሶ። ሌሊት ለሚያርፍ «ተኛ» እላለሁ። ለአንድ ሳምንት ከተማ ብቻ ማየት የሚፈልግና ወጉ ሁሉ ሕንጻና ሱቅ የሆነ ሰው ሲጽፍልኝ ሌላ ከተማ እጠቁመዋለሁ፤ የቢሮ ባልደረቦቼ በዚህ አይደሰቱም። ሥጋ ለማይበላ ሰው ረቡዕና ዓርብን የሚያካትት ጉዞ አወጣለታለሁ፤ በጾም ቀን ምግብ ቤት ገብቶ ምረጥ የሚባልበት ከተማ ብዙ እንዳላየ ይነግረኛል። ለዲያስፖራ ልጆች ደግሞ ጥያቄው ራሱ ይለወጣል። የወላጆቻቸውን ሠፈር ፍለጋ ነው የሚመጡት፤ ሠፈሩ ፈርሶ እንደሆነ ከመምጣታቸው በፊት ሄጄ አይቼ እነግራቸዋለሁ።

ከውጭ ድርጅቶች ጋር እስካሁን የማንስማማበት ነገር የቀኑ አቀማመጥ ነው። አዲስ አበባን ሁልጊዜ የመጀመሪያ ቀን ላይ ያስቀምጧታል። እንግዳው ሌሊት በሮ መጥቷል፣ ከፍታው ራሱን ያዞረዋል፣ ገንዘቡን አልለመደም፣ የሚጠጋውን ሰው ሁሉ ይጠራጠራል፤ ኪስ አውላቂውም የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው። እኔ መጨረሻ ላይ አድርጉት እላለሁ። ደቡብን ዞሮ የተመለሰ ሰው ሰላምታ ለምዷል፣ እንጀራ መቁረስ ችሏል፣ «አይ፣ አመሰግናለሁ» ማለት አውቋል፤ መርካቶ በድፍረት ሳይሆን በእርጋታ ይገባል። እነሱ ደግሞ የመጨረሻው ቀን ለአገር ውስጥ በረራ መዘግየት መጠባበቂያ ነው፣ ከተማ ጉብኝት ከጫንበት እንግዳው ዓለም አቀፍ በረራው ያመልጠዋል ይላሉ። ይህም እውነት ነው። ባለፈው ክረምት አንዱ ድርጅት ግማሽ ቀን ከፊት፣ ግማሽ ቀን ከኋላ እንሞክር ብሏል፤ የመጀመሪያው ቡድን በጥቅምት ይገባል።