የከተማ ወንዞችና የዳርቻቸው ዕፀዋት

መመሪያ፦ ከዚህ በታች የቀረበው ምንባብ የገላጭ ድርሰት ምሳሌ ነው። በመጀመሪያ አንድ ጊዜ በጸጥታ አንብቡት። ከዚያም ጸሐፊው ምክንያትንና ውጤትን እንዴት እንዳያያዘ እየተከታተላችሁ ደግማችሁ አንብቡት።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ብዙ ጅረቶች በሚወርዱበት ተዳፋት ላይ ነው። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቁርጡሜ፣ ባንትይቀጡና ሌሎችም ወንዞች ከእንጦጦ ተራራና ከአካባቢው ኮረብታዎች ተነሥተው፣ ከተማዋን ከሰሜን ወደ ደቡብ እየሰነጠቁ ያልፋሉ። በመጨረሻም በትልቁና በትንሹ አቃቂ ተጠቃለው አባ ሳሙኤል ከተባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ያመራሉ። ስለሆነም በከተማዋ ላይኛው ክፍል ወደ ወንዝ የተጣለ ነገር ሁሉ ለታችኛው አገር ሰው ይደርሳል ማለት ነው።

የእንጦጦ ከፍተኛው ቦታ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ሲሆን፣ የአቃቂ ሜዳ ግን 2,100 ሜትር ገደማ ነው። የከተማዋ ዓመታዊ ዝናብ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፤ አብዛኛውም የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ይህን ያህል ውሃ በአጭር ጊዜ ከዚህ ከፍታ ሲወርድ ያገኘውን ሁሉ ጠርጎ የመውሰድ ኃይል ይኖረዋል። ይህን ኃይል የሚያበርደው ምን እንደሆነ ለመረዳት የወንዝ ዳር ዕፀዋትን ተግባር መመርመር ያስፈልጋል።

የወንዝ ዳር ዕፀዋት ሦስት ዋና ዋና ተግባሮች አሏቸው። አንደኛው አፈርን መያዝ ነው። የዛፍ ሥር ወደ ጥልቅ ወርዶ ገደሉን ሲደግፍ፣ እንደ ሰርዶ ያለው ሣር ደግሞ የላዩን አፈር እንደ መረብ ጠፍሮ ይይዛል። ሁለተኛው ማጣራት ነው። ከመንገድና ከጓሮ የሚወርደው ጎርፍ ጥቅጥቅ ባለው ሣርና ቄጤማ መካከል ሲያልፍ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ የተሸከመውንም ደለል እዚያው ጥሎ ያልፋል። ሦስተኛው ውሃውን ማቀዝቀዝ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ከሙቅ ውሃ የበለጠ ኦክሲጅን ይይዛል። ለምሳሌ ያህል በባሕር ወለል ከፍታ የሚገኝ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 11 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ፣ በ25 ዲግሪ ግን የሚይዘው 8 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። ጥላ የሌለው ወንዝ ስለዚህ በውስጡ የሚኖሩትን ፍጥረታት እስትንፋስ ያሳጥራል።

ከዚህም በላይ የወንዝ ዳር ለእንስሳት ቤትም ማዕድም ነው። ከአገር በቀል ዛፎች የሚረግፈው ቅጠል ውሃው ውስጥ ሲበሰብስ ትንንሽ ነፍሳት ይመገቡታል፤ ነፍሳቱን እንቁራሪትና ወፍ ይበሏቸዋል። ሾላ ፍሬውን ያለ ረዳት አያፈራም፤ አበባዎቹ የሚገኙት በፍሬው ውስጥ በመሆኑ፣ ለዚሁ ተግባር የተፈጠረች ጥቃቅን ተርብ ገብታ ማራባት ይኖርባታል። ፍሬው ሲበስልም የብዙ ወፎች ምግብ ይሆናል፤ ወፎቹም ዘሩን በሌላ ስፍራ ይጥሉታል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ፣ ረጅምና ቆልማማ መንቆር ያለው አንድ ትልቅ ወፍ ዛሬም በአዲስ አበባ መስኮች ላይ እርጥብ አፈር እየወጋ ትልና ነፍሳት ሲለቅም ይታያል። እርጥቡ መስክ በሲሚንቶ ቢሸፈን ግን ይህ ወፍ የሚወጋው አፈር አያገኝም።

ታዲያ ይህ ሁሉ እንዴት ጠፋ? የከተማዋ የመጀመሪያ ነዋሪዎች ለቤት መሥሪያና ለማገዶ በዙሪያው የነበረውን የጽድና የወይራ ደን ጨፈጨፉት። የእንጨት እጥረቱ እጅግ ከመክፋቱ የተነሣ ዋና ከተማውን ወደ ሌላ ስፍራ ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ከዚህ ችግር አድኗታል፤ ይህ ባለውለታነቱ ሊዘነጋ አይገባም። ይሁን እንጂ ባሕር ዛፍ ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፤ ቅጠሉ ቶሎ አይበሰብስም፤ ከሥሩም ሌላ ቡቃያ እንደ ልብ አይበቅልም። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ቤቶች እስከ ወንዙ አፋፍ ተሠሩ፤ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ የፋብሪካ ዝቃጭና ቆሻሻ ወደ ወንዞቹ ተለቀቀ። በአቃቂ ዳርቻ በዚህ ውሃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። በአካባቢው አፈርና አትክልት ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ለጤና ጎጂ የሆኑ ብረታ ብረቶች መኖራቸውን አሳይተዋል። እንግዲህ ከተማው ወደ ወንዝ የጣለውን መልሶ በገበታው ላይ ያገኘዋል።

በ2011 ዓ.ም. ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን የወንዝ ዳርቻ ልማት ዕቅድ ይፋ ሆኖ፣ ከዚያ ወዲህ በርካታ መናፈሻዎች ተሠርተዋል። ሆኖም ወንዝን ማስዋብና ወንዝን ማዳን አንድ እንዳልሆኑ መለየት ይገባል። የደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ የሴኡል ታሪክ ይህን ልዩነት ያስረዳል። ቾንግጌቾን የተባለው የሴኡል ጅረት ለብዙ ዓመታት በኮንክሪት ተሸፍኖ፣ በላዩም የመኪና መንገድ ተሠርቶበት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2003 እስከ 2005 መንገዱ ፈርሶ 5.8 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ጅረት ተከፈተ። ዓሦችና ወፎች ተመለሱ፤ አካባቢውም ቀዘቀዘ። ነገር ግን በጅረቱ የሚፈሰው አብዛኛው ውሃ ከሃን ወንዝ በመሣሪያ እየተሳበ የሚመጣ ነው። መሣሪያው ቢቆም ጅረቱ ይጎድላል። ሥራው ታላቅ ቢሆንም፣ ጅረቱ በራሱ ኃይል የቆመ አይደለም።

አንድ የወንዝ ዳር በራሱ እንዲቆም ሥራው ቅደም ተከተሉን መጠበቅ አለበት። በመጀመሪያ የፍሳሹ ምንጭ ይደፈናል፤ ፍሳሽ እየገባ ችግኝ መትከል በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ወለል እንደ መወልወል ነውና። ቀጥሎ የተሸረሸረው ገደል በድንጋይ ካብና በእርከን ይደገፋል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ተክል በለመደው ስፍራ ይተከላል። ከውሃው አጠገብ ቄጤማና አኻያ፣ ከፍ ብሎ ሾላና ዋንዛ፣ ከዚያም በላይ ባለው ደረቅ ተዳፋት ወይራና ጽድ፣ በመካከላቸውም እንደ አጋም፣ ቀጋና ክትክታ ያሉ ቁጥቋጦዎች ይደረደራሉ። አኻያ ከቅርንጫፉ ተቆርጦ እርጥብ አፈር ላይ ቢሰካ ሥር ስለሚሰድ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ባሕር ዛፉም በአንድ ጊዜ አይመነጠርም፤ ሥሩ የያዘው አፈር በጎርፍ እንዳይወሰድ አገር በቀሉ እያደገ ሲሄድ ቀስ በቀስ ይነሣል። በመጨረሻም ችግኙ ቢያንስ ሁለት በጋ እስኪያልፍ ድረስ ውሃ ሊጠጣና ከከብት ሊጠበቅ ይገባዋል። የተተከለው ሳይሆን የጸደቀው ይቆጠራልና።

በዚህ ሁሉ መካከል የሚረሳ አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም በወንዙ ዳር የሚኖረው ሰው ነው። ብዙዎቹ በዚያ የሰፈሩት ሌላ ቦታ አጥተው ነው። መጸዳጃና የቆሻሻ ማንሻ ባልተዘጋጀለት መንደር ወንዙ እንዳይቆሽሽ ማዘዝ ብቻውን ውጤት አይሰጥም። ነዋሪው የሚነሣ ከሆነ ለሥራው የሚቀርብ ምትክ ስፍራ፣ የሚቆይ ከሆነም የፍሳሽ መስመር ማግኘት ይኖርበታል። ከችግኙ ጥቅም ያለው ጎረቤት ከማንኛውም ዘበኛ የተሻለ ጠባቂ ነው።

በአጠቃላይ ሲታይ የወንዝ ዳር ዕፀዋት ጌጥ ሳይሆኑ የወንዙ አካል ናቸው። ሣር፣ ቁጥቋጦ፣ ዛፍ፣ ነፍሳትና ወፍ እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው ሲኖሩ ወንዙ ራሱን ያጸዳል፤ ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ግን ሸክሙ ወደ ሰው ይዞራል። የአንድ ከተማ የወንዝ ሥራ የሚመዘነውም በመናፈሻው ውበት ብቻ አይደለም። ከታች በኩል ያለው ገበሬ በሚያጠጣው ውሃ ጭምር ነው።

መልመጃ

ሀ. ለሚከተሉት ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
1. ጸሐፊው ወንዝን ማስዋብንና ወንዝን ማዳንን የለየው በምን ማስረጃ ነው?
2. ባሕር ዛፍ በአንድ ጊዜ የማይመነጠረው ለምንድን ነው?
3. የወንዝ ዳር ነዋሪው ጉዳይ ከድርሰቱ ቢወጣ ምን ይጎድላል?

ለ. የሚከተሉትን ቃላት በየራሳችሁ ዓረፍተ ነገር አስገቡ፦ ደለል፣ ተዳፋት፣ አገር በቀል፣ ዝቃጭ።

ሐ. ከምንባቡ ውስጥ ምክንያትን የሚያመለክቱ አምስት አያያዥ ቃላት ወይም ሐረጎች አውጡ።

መ. በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ ወንዝ ወይም ጅረት መርጣችሁ፣ ከዳርቻው የጠፋውን ተክል ከሽማግሌዎች ጠይቃችሁ፣ ሦስት አንቀጽ ያለው ገላጭ ድርሰት ጻፉ።